ነፃ ሙዚቃ በጭነት መኪና፦ ሂሳቡን ማን ይክፈል?

ሞንታርቦ በአይሱዙ ጭኖ ከተማ መዞር ለእኛ አገር ሰው ብርቅ አይደለም። በአውሮፓ ግን አንድ ባንድ በጭነት መኪና እየዞረ በነፃ ልጫወት ቢል ዋናው ራስ ምታት ነዳጁ ሳይሆን ፈቃዱ ነው። የበርሊኑን ሎቭ ፓሬድ እንይ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዲጄ ዶክተር ሞተ 150 ያህል ሰው ይዞ በምዕራብ በርሊን ጎዳና ወጣ። ያስመዘገበው እንደ ሰላማዊ ሰልፍ ነው። ብልጠት አለባት! ሰልፍ ከሆነ የጽዳቱ ወጪ የከተማው ነው፤ የመዝናኛ ዝግጅት ከሆነ ግን አዘጋጁ ኪሱን ይዳብሳል።

በ10 ዓመት ውስጥ ታዳሚው ከሚሊዮን አለፈ፣ የበርሊን መናፈሻም በቆሻሻ ተጥለቀለቀ። በ2001 ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደርሶ ሰልፍነቱ ተቀባይነት አጣ። በ2004 እና 2005 ገንዘብ ስለጠፋ ጭራሽ ቀረ። በኋላ አንድ የጂም ኩባንያ ስፖንሰር ሆኖ ቀጠለና ከበርሊን ወጣ።

በ2010 ዱይስበርግ ላይ መግቢያው አሁንም ነፃ ነበር፤ ቦታው ግን ጎዳና መሆኑ ቀርቶ የታጠረ ግቢ ሆኗል። ሕዝቡ በዋሻ መንገድ እንዲገባም እንዲወጣም ተደረገ። በግፊያው 21 ሰዎች ሞቱ። ክሱም በ2020 ያለ ፍርድ ተዘጋ። እኛ እንደምናየው ጥፋቱ የሙዚቃው አይደለም፤ ጎዳና ላይ ቢሆን ሰው በየቅያሱ ይበተን ነበር።

ዶክተር ሞተ በ2022 መኪኖቹን ይዞ ወደ በርሊን ተመልሷል። ያስመዘገበው እንደ ሰልፍ ነው ብላችሁ ከገመታችሁ፣ ያኔም ያደረገው ይህንኑ ነው።