«ማን አመጣው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት

ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር የክትትል ካርዷን አጣጥፋ በእጇ ጨብጣ ወደ ምርመራ ክፍሌ ገባች። በካርዱ ላይ የቂጥኝ ምርመራ ውጤቷ ፖዘቲቭ ተብሎ ተመዝግቧል። ቁስል የላትም፤ ፈሳሽ የላትም፤ የሚያማት ነገርም የለም። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ፅንሱ አልነበረም። «ዶክተር፣ ባለቤቴ ይህን ቢያይ ምን እለዋለሁ?» ነበር ያለችኝ።

ቂጥኝ በእኛ ዘንድ ከበሽታነቱ ይልቅ በስድብነቱ የሚታወቅ ስም ነው። በዚህም የተነሳ ውጤታቸውን የሰሙ አንዳንድ እናቶች ካርዱን ደብቀው ሌላ ጤና ተቋም እንደ አዲስ ክትትል ይጀምራሉ፤ ወይም ጭራሹኑ ይቀራሉ። በዚህ መሐል የሚባክኑት ሳምንታት የፅንሱ ናቸው።

ችግሩ የድሃ አገሮች ብቻ አይደለም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 700 ሺህ ያህል ፅንሶችና ሕፃናት ቂጥኝ ከእናታቸው ተላልፎባቸዋል። በርካቶቹ በማህፀን ሳሉ ወይም እንደተወለዱ ሞተዋል። በአሜሪካ በዚያው ዓመት ከ3 ሺህ 700 በላይ ሕፃናት የተመዘገቡ ሲሆን፣ ይህም ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉን በወቅቱ በመመርመርና በማከም መከላከል ይቻል እንደነበር ገልጿል። በአንጻሩ ኩባ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤች.አይ.ቪ.ንና ቂጥኝን ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፉ በማድረግ ከድርጅቱ ዕውቅና ያገኘች የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች። ልዩነቱን የፈጠረው አዲስ መድኃኒት አይደለም። ሁለቱም ዘንድ ያለው ያው የምናውቀው ፔኒሲሊን ነው።

ወደ ውጤቱ እንመለስ። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ በሽታው አንድ ወቅት ሰውነት ውስጥ እንደገባ ይናገራል እንጂ መቼና ከማን እንደመጣ አይናገርም። ቀድሞ ታክማ የዳነች ሴት እንኳ ዕድሜዋን ሙሉ ፖዘቲቭ ልትሆን ትችላለች። ቪ.ዲ.አር.ኤል. የሚባለው ምርመራ ደግሞ በወባ አንዳንዴም በራሱ በእርግዝናው ምክንያት ሊሳሳት ይችላል። ቂጥኝ ያለ ምልክት ለዓመታት ይደበቃል። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የመተላለፍ አቅሙ ከጊዜ ጋር ስለሚቀንስም ሚስት ፖዘቲቭ፣ ባል ነጻ የሚሆኑበት አጋጣሚ አለ። ወደ ፅንሱ ግን ያኔም ቢሆን ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ካርዱን ይዞ ትዳር ላይ ፍርድ መስጠት ከሕክምና አንጻር መሠረት የለውም። የጉበት ቫይረስ «ቢ»ም እንዲሁ ነው፤ ብዙዎች የሚያዙት በውልደት ወይም በልጅነታቸው ነው።

ሕክምናው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተባለ መርፌ ነው። ለነፍሰ ጡር የመጀመሪያው መርፌ ውጤቱ በታወቀበት ዕለት ይሰጣል፤ የማረጋገጫ ምርመራ ቢያስፈልግ እንኳ ከመርፌው በኋላ ይደርሳል። በሽታው የቆየ ከሆነ ወይም መቼ እንደጀመረ ካልታወቀ በየሳምንቱ አንድ፣ በድምሩ ሦስት ጊዜ ይወሰዳል። ፅንሱ በበቂ ሁኔታ ታክሟል የሚባለው ሕክምናው ከወሊድ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ሲጀመር ነው። ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቶ መዋጥ ይህን አይተካም። ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር አይመከርም፤ ኤሪትሮማይሲን ደግሞ እንግዴ ልጁን በሚገባ አልፎ ለፅንሱ አይደርስለትም። ፔኒሲሊን የማይስማማችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ከመርፌው በኋላ ባለው አንድ ቀን ውስጥ ትኩሳት ሊኖር ይችላል፤ ምጥ የሚመስል ቁርጠት ከተሰማ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ሳይዘገዩ መሄድ ያሻል።

እኛ የጤና ባለሙያዎችም ጥፋት አለብን። ውጤቱን ወረፋ በሚጠብቁ ሰዎች ፊት ጮክ ብሎ የሚናገር ባልደረባ አጋጥሞኛል። «ባልሽን ይዘሽ ካልመጣሽ አይሰጥሽም» ብሎ እናቲቱን ያለ መርፌ መመለስ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው። ባል መታከሙ የግድ ቢሆንም የእሷ መርፌ የእሱን መምጣት አይጠብቅም።

ያቺ እናት የመጀመሪያውን መርፌ ያኔውኑ ወሰደች። ለባለቤቷ እቤት ብቻዋን እንዳትነግረው፣ ለምክር በሚል ወደ ቀጣዩ ቀጠሮ ይዛው እንድትመጣ ተስማማን። መጣ፤ ተቆጣ፤ ጥቂት ጠየቀ፤ በመጨረሻም ክንዱን ለምርመራ ዘረጋ። ሦስተኛውን መርፌዋን በዚህ ሳምንት ጨርሳለች። ልጁ ሲወለድ የሚመረመር መሆኑን በካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌላታለሁ።