የኪነ ጥበባት ኅብረትና የተማሪው ዓይነ ልቡና

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው በአዲስ ቅዳም ያደገ ወጣት፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያከብረውን በዓል ሲመለከት፣ የፈረሱን ጌጥ ከጋላቢው ስልት፣ ፉከራውን ከዘፈኑ ሳይነጥል በአንድነት ያየዋልና፣ የኪነ ጥበባትን ኅብረት ኮሌጅ ሳይገባ ያውቀዋል። የአቋቋም ደቀ መዝሙርም እንዲሁ ነው፤ ዜማውን በልሳኑ፣ ምቱን በከበሮው፣ ስልቱን በመቋሚያውና በጸናጽሉ አስተባብሮ ሲያጠና፣ እዝኑ የሰማውን አካሉ ይመሰክርለታል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና የቴአትር ጥበባት ትምህርት፣ የክታባችንን ኅብረ ቀለምና ምልክት ከዘመናዊው አሣሣል ጋር ባዋሐደው በሠዓሊው በእስክንድር ቦጎሲያን ስም በተጠራ ኮሌጅ ሥር መሰብሰባቸው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን (ይህን ስንል ቅር የሚለው አይጠፋም) ጥቅሙ ሠዓሊና ሙዚቀኛ ለመሆን ከመጡት አልፎ ለሌላው ተማሪ ካልደረሰ፣ ብዙኃኑ ሥነ ውበትን በንባብ እንጂ በሕዋሳቱ ሳይቀምሰው ይመረቃል።

ስለዚህ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የግብርናውም ሆነ የሒሳቡ ተማሪ፣ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ አንዱን ርእሰ ነገር፣ ስለ ምሳሌ የአካባቢውን የፈረስ ባህል፣ በግጥም እንዲደርሰው፣ በዜማ እንዲያሰማው፣ በቀለም እንዲሥለውና በመድረክ እንዲያሳየው ቢደረግ መልካም ነው እንላለን። ወጪው ይከብዳል ለሚሉን፣ መሪጌቶቹም ሆኑ አረጋውያኑ ፈረሰኞች በቅርብ የሚገኙ መምህራን ናቸው።