በቤት የሚበራ ጧፍ



ይህ እትም እጃችሁ የሚገባው ጾመ ነቢያት በተያዘበት ሰሞን ነው። ኅዳር 15 የገባው ጾም እስከ ልደት ይዘልቃል፤ ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉትን ሳምንታትም ቤተ ክርስቲያን ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ብላ ትጠራቸዋለች።

ቅዳሴውንና ማኅሌቱን ለሌላ ጊዜ አቆይተን በዚህ እትም የመረጥነው የቤቱን ጸሎት ነው። እናት ከሥዕለ አድኅኖው ፊት ጧፍ ለኩሳ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ስትደግም፣ ልጆች እንቅልፍ እያዳፋቸው የሚሰሙት ቃል ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ይኖራል። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት መከፈሉም ለቤት የተመቸ ነው፤ በሥራ የተወጠረ ሰው እንኳ የዕለት የዕለቱን ቢያደርስ ሳምንቱን ይሞላል።

ጀርመን የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ከልደት በፊት ባለው የአድቬንት ወቅት በየጎረቤቱ የምታዩት ባለ አራት ሻማ የአድቬንት አክሊልም ታሪክ አለው። ፓስተር ዮሐን ሂንሪሽ ቪሸርን ሃምቡርግ ውስጥ ለድሃ ልጆች ባቋቋሙት ቤት፣ በ1839 እ.ኤ.አ. በጋሪ መንኮራኩር ላይ ትናንሽ ቀይና አራት ትልልቅ ነጭ ሻማዎች ተከሉ። በየቀኑ አንድ ሻማ ይለኮሳል፤ ትልልቆቹ የእሑድ ናቸው። የእኛ ጾምና የእነርሱ አድቬንት በሥርዓትም በቀንም ይለያያሉ። ልጅን በብርሃን እየመሩ በዓሉን ማስጠበቅ ግን በሁለቱም ዘንድ አለ፤ በእኔ እምነት ዛሬ በብዙ ቤቶቻችን እየላላ ያለው ይኸው ነው።

እባካችሁ ልጆቻችሁን ከጸሎቱ አታስቀሩ። የየቤታችሁንም ልማድ ጽፋችሁ ላኩልን፤ በልደት እትማችን እናወጣዋለን።

አዘጋጁ