ወደብ የሌለው ሀገርና የጥልቁ ባሕር ምርምር

ከባሕር ርቃ በምትገኘው በከምባታዋ የሀደሮ ከተማ ለሚማር ወጣት፥ በሺሕ ሜትር ጥልቀት ስለሚኖር ፍጡር ማጥናት ምን ይጠቅመዋል? የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስገርምም። መንገድና ሐኪም ቤት የሚጠይቅ ሕዝብ ባለበት ሀገር ስለ ውቅያኖስ ማሰብ ቅንጦት መስሎ ይታያል። ነገሩ ግን ቅንጦት አለመሆኑን ለወጣት አንባቢዎቻችን ማስረዳት እንወዳለን።

የሕይወት ሁሉ መሠረት የፀሐይ ብርሃን ነው የሚለው እምነት ለብዙ ዘመን ጸንቶ የኖረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ግን አልቪን በምትባል ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ በጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ 2,500 ሜትር ያህል የወረዱ ሊቃውንት፥ ከባሕሩ ወለል በሚፈልቅ ሙቅ ውሃ ዙሪያ እንስሳት በጨለማ ተሰብስበው ሲኖሩ አገኙ። የእነዚህ እንስሳት ምግብ መነሻ፥ ከድኝ ጋዝ ኀይል የሚያወጡ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው።

እንዲህ ያለው ምርምር ለአንድ መንግሥት ከዐቅም በላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1965 በተደረገው ዓለም አቀፍ የሕንድ ውቅያኖስ ጥናት 40 ያህል መርከቦች ተሰልፈው ነበር። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ፥ የጀርመንና የአሜሪካ መርከቦች እየተከታተሉ በቀይ ባሕር 2,000 ሜትር ገደማ ጠልቆ የተኛውን፥ እጅግ ጨዋማና ሙቀቱ እስከ 56 ዲግሪ የሚደርሰውን ውሃ ለክተዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ይህ ነው።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁንና ቀይ ባሕርን የከፈተው የምድር ኀይል በአፋር በየብስ ላይ ሲሠራ ይታያል። በ1998 ዓ.ም. መባቻ በዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ሲሰነጠቅ፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከውጭ ሀገር ባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተውታል። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በዳሎልም፥ ጥንት ቀይ ባሕር ትቶት በሄደው ጨው መካከል የሚፈላ አሲድ ይፈልቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በዚያ የጥቃቅን ሕያዋን ምልክት ማግኘቱን ሲገልጽ፥ ሌላው በአሲዱ ኩሬዎች ሕይወት አላገኘሁም ብሏል። የሕይወት ወሰን የት ነው የሚለው የዓለም ክርክር እንግዲህ የሚፈተነው በገዛ ምድራችን ነው።

ጥቅሙም ሩቅ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የሀደሮን ገበሬ ዝንጅብል ያጠወለገው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነበር። እንዲህ ያለውን በሽታ በላቦራቶሪ ለመለየት የሚያገለግለው ፒ.ሲ.አር. የተባለው ዘዴ የተስፋፋው፥ በአሜሪካ የሎውስቶን ፍልውሃ ከተገኘ ባክቴሪያ በተወሰደ ኢንዛይም ነው፤ ከባሕር ወለል ፍልውሃ የተገኙ ኢንዛይሞችም ለዚሁ ሥራ ውለዋል።

ነገር ግን ትብብር የሚጠቅመው ተዘጋጅቶ ለሚገባበት ነው። ባለሙያ ያላሰለጠነ ሀገር ለእንግዳው መንገድ መሪ ሆኖ ይቀራል፤ ናሙናው ወጥቶ ይሄዳል፥ ዕውቀቱም በሌላ ስም ይጻፋል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የሀገሪቱን የዘር ሀብት ለመጠበቅ የተደነገገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የባሕር ስምምነትም ከማንም ሀገር ክልል ውጭ ከሚገኘው የባሕር ሕይወት የሚወጣው ጥቅም ለሁሉም እንዲካፈል ያዛል። ሆኖም በወረቀት የሰፈረን መብት ሥራ ላይ የሚያውለው የተማረ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ወጣቱ ሹም እነዚህን ውሎች አንብቦ፥ ከውጭ ተመራማሪ ጋር ሲዋዋል የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ሥልጠና በውሉ እንዲገባ ማድረግ ይገባዋል። በሀደሮም ሆነ በሆሳዕናው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ተማሪ ደግሞ ኬሚስትሪንና ሥነ ሕይወትን ለፈተና ማለፊያ ብቻ አያጥና። ከዓለም ጠበብት ጋር በአንድ ገበታ ለመቀመጥ የሚያበቃው የሚያውቀው ነገር እንጂ የሀገሩ ወደብ አይደለም።