የክረምት ጭቃ፣ ውሻና የሚድህ ሕፃን

ክረምት ሲገባ ጠዋት የወለወሉትን ወለል ማታ ከሥራ ሲመለሱ የውሻ ዱካ ሞልቶት ሳያገኙት አይቀሩም። ውሻውን መቆጣት ግን ወለሉን አያጸዳም።

ነገሩ የጽዳት ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው። የውሻ ዓይነ ምድር የነካው ጭቃ ወስፋት የሚመስል የውሻ ትል እንቁላል ሊኖረው ይችላል። ወለል ላይ የሚድህ ሕፃን እጁን ወደ አፉ ሲያደርግ እንቁላሉን ይውጠዋል። በረኪና ወለሉን ቢያነጣም እንቁላሉን አይገድለውም። ስለሆነም ዋናው ዘዴ ጭቃው ወደ ቤት እንዳይገባ መከላከል ነው።

በመጀመሪያ ከደጃፍ ላይ ጆንያ ያንጥፉ፤ ለብ ያለ ውሃና አሮጌ ጨርቅም ያዘጋጁ። ውሻው ከመግባቱ በፊት አራቱንም እግሮቹን፣ በተለይም የጣቶቹን መካከል አጥበው ያድርቁ።

ጭቃው ከገባም እርጥቡን አይሹት፤ ይበልጥ ይሰራጫል። ሕፃኑን አርቀው፣ ሲደርቅ ይጥረጉት፤ ከዚያም በሳሙና ውሃ ይወልውሉት።

የግቢውን የውሻ ዓይነ ምድር በየቀኑ በአካፋ አንስተው ያስወግዱ። የትሉ እንቁላል ለሰው አደገኛ የሚሆነው አፈር ላይ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ ይህች ትንሽ ሥራ ትልቅ መከላከያ ናት። ቡችሎች ትሉ ስለሚበዛባቸው ለእንስሳት ሐኪም አሳይተው የትል መድኃኒት ያሰጧቸው።

ይህ ሁሉ ግን በእናት ጫንቃ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። አባት ግቢውን ይጥረግ፤ ከፍ ያሉት ልጆች የውሻውን እግር ይጠቡ፤ ሲጨርሱም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።