ለደብረ ኤልያስ ሽማግሌዎች፦ የዓባይ ገደል አጥንት በእኛ ዘመን እንዳይጠፋ

እናንተ አብሮ አደጎቼ፣ የዕድር ዳኞች፣ ካህናት፣ የቅኔ መምህራን፣ ለእርቅ ስትቀመጡ ቃላችሁ የሚሰማ አባቶችና እናቶች፦ ይህን የምጽፍላችሁ ጉዳዩ የልጆች ጨዋታ ወይም የፈረንጅ ወሬ መስሎ እንዳያልፋችሁ ነው። ወረዳችን በደቡብ በኩል ዓባይን ይዋሰናል። ዓባይና ገባሮቹ በቆረጡት ገደል ውስጥ ዕድሜው በሰው ታሪክ የማይለካ ሀብት ተቀብሯል። እኛ ዝም ካልን በመዶሻ ይደቅቃል፤ ካቃለልነው በርካሽ ይሸጣል። አንድ ጊዜ ከጠፋ ደግሞ የሚተካው የለም። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ የተነሣሁት ለዚህ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ መንገዱን ያውቀዋል። ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወረድ፣ ማዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ፣ የገደሉ መልክ ከደረጃ ደረጃ ይለዋወጣል። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ነው፤ እርሻችን ያረፈው በእርሱ ላይ ነው። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ አለ። ከዚያ የጭቃ ድንጋይ ይከተላል፤ ቀጥሎ ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጄሶ ያለበት ንብር፣ ከሁሉ በታች ሌላ አሸዋ ድንጋይ ይገኛል። የሥነ ምድር ሊቃውንት እነዚህን ንብሮች የሚጠሯቸው በገዛ አገራችን ስሞች ነው፦ የደብረ ሊባኖስ፣ የሙገር፣ የሕንጣሎ፣ የጎሐ ጽዮን፣ የአዲግራት ይሏቸዋል። የኖራው ድንጋይ ባሕር ሳለ የተነጠፈ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ወንዞች ደለል እያመጡ በላዩ አስተኙ፤ የሙገር የጭቃ ድንጋይ የሚባለው ያ ደለል ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዳይኖሰሮች የተመላለሱት በዚያ ጭቃ ላይ ነበር።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በሰሜን ሸዋ፣ ውሃው ዓባይ በሚገባው በጀማ ወንዝ ሸለቆ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ሙዚየም ተመራማሪ ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ ከዚሁ ከሙገር የጭቃ ድንጋይ ቅሪተ አካል አውጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት የሥጋ በልና የዕፅ በል ዳይኖሰር ጥርሶችን፣ የኤሊን፣ የአዞንና የዓሣን ቅሪቶች ገለጹ፤ የንብሩንም ዕድሜ በድንጋዩ ውስጥ በቀረ የዕፅዋት ብናኝ ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዊልያም ክሌመንስ ከእነ ጉድዊን ጋር ሆኖ ከዚያው ንብር የተገኘ የአንዲት ትንሽ አጥቢ እንስሳ ጥርስ ለዓለም አስታወቀ። ያ ጥርስ በዳይኖሰሮች እግር ሥር ይኖሩ ከነበሩ አጥቢዎች በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሊ ሆልና ጉድዊን የዳይኖሰሮቹ ጥርሶች ከአንድ ወገን ብቻ እንዳልሆኑ፣ ልዩ ልዩ ዓይነት አዳኞችና ዕፅ በሎች እንደነበሩ አሳዩ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከጀማ የወጣው እውቀት በአብዛኛው የጥርስ እውቀት ነው። የዚያች አጥቢ እንስሳ ጥርስ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ናት። ዳይኖሰር ሲባል ቤት የሚያክል አጽም ብቻ የምንጠብቅ ከሆነ፣ ትልቁን ነገር ረግጠነው እናልፋለን። እረኛ ልጅ ከጎርፍ ሥር አንሥቶ ኪሱ የከተታት የምታብለጨልጭ ጠጠር አንድ ሙሉ የጥናት መጽሐፍ ልታስጽፍ ትችላለች። ልጁ ለአያቱ ሲያሳያት አያቱ «ጣላት» ካለው ግን ነገሩ እዚያው አበቃ።

በክልላችን ውስጥ ሌላም አለ። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ እነ ጆን ካፕልማን ከ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ እንስሳትን ቅሪት አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2003 አሳወቁ። የዝሆን ቀደምት ዘመዶች ነበሩበት፤ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች በአፍንጫው ላይ ጎን ለጎን የበቀሉ፣ አርሲኖይቴሪየም የሚባል አውሬም ነበረበት። ስለዚህ ድንቅነሽን ያስገኘው አፋር ብቻውን የቅሪት አገር አይደለም። እኛ ደገኞችም በቅሪት ላይ ተቀምጠናል።

አሁን ሌሎች አገሮች ምን እንዳገኛቸው ስሙኝ። በደቡብ ታንዛኒያ ተንዳጉሩ የሚባል ኮረብታ አለ፤ የቅሪቱ ዘመን ከጀማው ጋር ይቀራረባል። አገሩ በጀርመን ቅኝ ግዛት ሥር ሳለ፣ የማጂ ማጂ ጦርነት ምድሩን ካራቆተው ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 ጀርመኖች እዚያ ቆፈሩ። ከ200 ቶን በላይ አጥንትና ድንጋይ በአገሬው ሰው ትከሻና ራስ እየተጫነ የቀናት መንገድ ተጉዞ ሊንዲ ወደብ ደረሰ፤ ከዚያም በመርከብ ሄደ። ዛሬ ከ13 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የጂራፋቲታን አጽም በርሊን ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ዓለም ሊያየው ይጎርፋል። የተሸከሙት ሰዎች የልጅ ልጆች ግን የአገራቸውን ግዙፍ ለማየት ቪዛ መለመን አለባቸው። እኛን ይህ ታሪክ አይገርመንም። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ብራናውና ታቦቱ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ሲሄድ ያየች አገር ልጆች ነን።

«ውጭ ከሄደ ቢያንስ ይጠበቃል» የሚል ሰው ደግሞ የግብፅን ይስማ። በባሕሪያ በረሃ እ.ኤ.አ. በ1912 የተገኘውን ስፒኖሳውረስ የተባለ ጀርባው እንደ ሸራ የቆመ ግዙፍ አዳኝ፣ ኤርንስት ስትሮመር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1915 ስም አውጥቶለት አጥንቱ ጀርመን አገር ሙኒክ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1944 ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ሙዚየሙ ተመታ፤ አጥንቱም ጠፋ። የቀረው ሥዕሉና ጽሑፉ ነው።

ከዚህ የከፋው ግን ገበያው ነው። በሞንጎልያ ሕጉ ቅሪተ አካል ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ቢሆንም ታርቦሳውረስ የተባለ አዳኝ አጽም በስውር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ዮርክ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ጨረታ ተጠራበት። የሞንጎልያ መንግሥት ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2013 አስመለሰው። በሞሮኮ ኬም ኬም አካባቢ ደግሞ የአገሬው ሰው በጠባብ ጉድጓድ እየገባ ጥርስና አጥንት ለነጋዴ ይሸጣል፤ ትልቁ ትርፍ የሚቀረው ግን ሩቅ አገር ነው። ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በወሎ ወገል ጤና ኦፓል ሲገኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ወጣቱ ገደል ፈልፍሎ ገባ፣ ናዳ ስንቱን ቀበረ፣ ድንጋዩም ሳይሠራ በጥሬው ወጣ። ነገ አንድ መኪና ያለው እንግዳ ወደ ቆላው ወርዶ «የድንጋይ አጥንት ያለው አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ልጆቻችን የሚመልሱት እኛ ዛሬ ያስተማርናቸውን ነው።

ከሁሉም በፊት ልትረዱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቅሪተ አካል ዋጋው በራሱ ብቻ አይደለም፤ የተኛበት ንብር ነው ዘመኑን የሚናገርለት። አንድ ቅጠል ከብራና ጥራዝ ተቀድዶ ገበያ ላይ ቢገኝ፣ ጽሑፉ ቢነበብ እንኳ የየትኛው መጽሐፍ፣ የየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ያልታወቀ ቅዳጅ ሆኖ ይቀራል። ከንብሩ የተነቀለ አጥንትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በቅን ልብ ነቅሎ ለቢሮ ያመጣው ሰውም ሳያውቅ ያጠፋል። የሚያድነው በቦታው የተወው፣ ቦታውን በደንብ ያስታወሰና የነገረ ነው።

ከእናንተ መካከል ሦስት ዓይነት መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው የሃይማኖት ነው። «ዓመተ ዓለም ሰባት ሺህ አምስት መቶ ገደማ ሆኖ ሳለ የሚሊዮን ዓመት ወሬ ከየት መጣ? አጥንቱም የረዓይት ነው» የሚሉ አባቶች አሉ። አክብሬ እመልሳለሁ። የዘመን ቁጥር ክርክር የሊቃውንት ነው፤ በመዶሻ አይፈታም። የፈጣሪ ሥራ ነው የምትሉ ከሆነ፣ የፈጣሪን ሥራ መሰባበር ከየት የመጣ ሥርዓት ነው? የረዓይት ነው የምትሉም ብትሆኑ፣ ማስረጃችሁ እንዲቀመጥላችሁ ልትሹ ይገባል። በማንኛውም እምነት ያለ ሰው አጥንቱ ሳይነካ ቢቆይ ይጠቀማል፤ ቢሰበር ይጎዳል።

ሁለተኛው የችግር ነው። «ድሃ ነን፤ ድንጋዩ ለካባ፣ ለኖራ፣ ለመንገድ ያስፈልገናል» ትላላችሁ። እውነት ነው። የኖራ ድንጋይና ጄሶ ለሲሚንቶ ይፈለጋል። የሙገር ፋብሪካ ለብዙ ዓመት ሲሠራ ኖሯል፤ በሰሜን ሸዋ ለሚ ላይም በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ትልቅ ፋብሪካ ተመርቋል። ይህ አይቁም፤ ልጆቻችን ሥራ ይፈልጋሉ። የምጠይቀው ዲጅኖው ከመውረዱ በፊት የሚያውቅ ሰው ገደሉን እንዲያየው፣ ሥራ ላይም ያልተለመደ ነገር ሲወጣ ለጥቂት ቀን ቆም እንዲባል ነው። የጥቂት ቀን መዘግየት ማንንም አላደኸየም።

ሦስተኛው «እኛ ምን ሥልጣን አለን? መንግሥት ይወቀው» የሚለው ነው። ይህ መልስ ነው ከሁሉ የሚያስፈራኝ። በአርጀንቲና ጊየርሞ ኤሬዲያ የተባለ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1987 በመሬቱ ላይ ትልቅ አጥንት አገኘ፤ መጀመሪያ ድንጋይ የሆነ ግንድ መስሎት ነበር። ለሙዚየም ነገረ። ያ አጥንት ከ30 ሜትር በላይ ርዝመት እንደነበረው የሚገመተው፣ በምድር ላይ ከተራመዱት ግዙፎች አንዱ የሆነው አርጀንቲኖሳውረስ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1993 ስም ወጣለት። ዛሬም ከዚያው አካባቢ፣ ከፕላሳ ዊንኩል ከተማ አልራቀም። አንድ ገበሬ ዝም ስላላለ አገሩ በሙሉ ከበረ። በግብፅም ታሪኩ ተለውጧል። በዳኽላ በረሃ የተገኘውን ማንሱራሳውረስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳወቁት በሂሻም ሳላም የሚመሩ የማንሱራ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ቆፋሪዎቹም አጥኚዎቹም የአገሩ ልጆች ሲሆኑ ምን እንደሚመስል ማየት የሚሻ ያን ይመልከት። ስሙን እንኳ ከዩኒቨርሲቲያቸው ነው የሰጡት።

እንግዲህ ሕጉን አስታውሱ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋና ቁፋሮ ይከለክላል። በማዕድን ሥራ፣ በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዲጠብቅ ያዝዛል። ይህ ግዴታ በገበሬውም በእረኛውም በሥራ ተቋራጩም ላይ አለ። ሕግ ግን ገደል አይወርድም፤ ቆላውን የሚያውቀው የእኛ ሰው ነው።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ልጅ ድንጋይ ይዞ ሲመጣ አናባርረው፤ «ከየት አነሣኸው?» ብለን እንጠይቀው፣ ቦታውንም ያሳየን። እረኞችንና ካባ የሚሠሩትን አጥንት የሚመስል፣ ጥርስ የሚመስል፣ ዛጎል ያለበት ድንጋይ ሲያዩ እንዳይፈልጡት፣ እንዳያጥቡት፣ እንዳይነቅሉት እንምከራቸው። ስልክ ያለው ወጣት ፎቶ ያንሣ፤ ለቀበሌው ይንገር፤ ቀበሌው ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። መልስ ቢዘገይ እንደ ርስት ጉዳይ ደጋግመን እንጠይቅ። «እገዛለሁ» የሚል እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ያየው ሁሉ ለሽማግሌ ይናገር። መምህራን ልጆቹን ስለ ጀማና ስለ ጭልጋ ያስተምሯቸው፤ ከመካከላቸው ነገ ንብሩን ራሱ የሚያነብ ይውጣ።

ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች ናት፤ ከየአገሩ ተማሪ የመጣባት፣ እውቀት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በአደራ የተላለፈባት ደብር ናት። እውቀትን መጠበቅ ለእኛ አዲስ ሥራ አይደለም። ዓባይ በየክረምቱ ገደሉን እየሸረሸረ አዲስ ነገር ያወጣል፤ ያወጣውንም ሳይዘገይ ይዞ ይሄዳል። በአንድ ክረምትና በሌላው መካከል ያለው ጊዜ ነው የእኛ። ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ እንዳንሆን እለምናችኋለሁ።

በሚቀጥለው የዕድር ጉባኤ ይህ ጉዳይ ከሌሎች ጉዳዮች ቀድሞ ይነሣ፤ ቃለ ጉባኤም ይያዝበት። በየጎጡ አንድ ተጠሪ ይሰየም። ይህን ያላደረገ ሽማግሌ፣ ነገ የልጅ ልጁ «በእናንተ ዘመን ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቀው አልሰማሁም ሊል አይችልም። እነሆ ሰምቷል።