ርብራቡ ከመሠራቱ በፊት እንየው





እኔ በጎንደር ከተማ በአራዳ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የሕንፃ ሥራ ትምህርት የለኝም፤ ዳሩ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የኮሚቴ አባል ሆኜ በአንድ አዳራሽ ፕላን ላይ ፈርሜአለሁ። በወረቀቱ ላይ የነበረውን መሥመርና ቍጥር በእውነት አላወቅሁትም፤ ጓደኞቼ ራሳቸውን ሲነቀንቁ እኔም ነቀነቅሁ። ሥራው ካለቀ በኋላ አንዲት አሮጊት ባለጉዳይ ደረጃው ከፍ ብሎባቸው በሰው ተደግፈው ሲወጡ ባየሁ ጊዜ አፈርሁ።

የእኔ ስሕተት በደረጃ ቀረ። የባሰው ግን በከተማችን ደርሷል። የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ ከተመዘገበ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው፤ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በዐፄ ፋሲል መዋኛ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት ርብራብ ሕዝቡ እንደ ተቀመጠበት ተደረመሰ። 10 ሰዎች እንደ ሞቱና ብዙዎች እንደ ቈሰሉ በጊዜው ተነግሮአል። በዓሉን ለማየት የወጣ ሰው በሬሳ መመለሱን ማን ይረሳዋል? የማንንም ጥፋት ለመቍጠር አልተነሣሁም፤ የምጠይቀው ለሚመጣው ጥምቀት ምን አሰብን ብዬ ነው።

በዚህ ዘመን ሁለት የጥበብ ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለው ነው። አሜሪካዊው አይቫን ሰዘርላንድ በራስ ላይ የሚደረገውን የመጀመሪያውን መሣሪያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 አሳየ፤ ዛሬ ግን መነጽሩን ያጠለቀ ሁሉ ገና ባልተሠራ ቤት ውስጥ ቆሞ ግራ ቀኙን ይመለከታል፤ በደረጃውም ይወጣል። ሁለተኛው ሶፍት ሮቦቲክስ ነው። ይህ ከብረት ይልቅ በጎማና በጨርቅ የሚሠራ፤ አየር ሲሞላ የሚያብጥ፤ ሲወጣለት የሚሟሽሽ መሣሪያ ነው። ጆሴፍ ማክኪበን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በ1950ዎቹ የአየር ጡንቻ ያበጀው በፖሊዮ ለተጐዳች ልጁ እጅ ብሎ ነበር። በ2003 ደግሞ በፓሪስ በፖምፒዱ ማዕከል፤ በአየር የተነፋና በእንደዚህ ያለ ጡንቻ የተጠመደ፤ ሰው ሲቀርበው የሚንቀሳቀስ ሕንፃ መሰል ነገር ለሕዝብ ታይቷል።

ሁለቱን አጣምረን ለርብራባችን ብናውላቸው ምን እናገኛለን? በመጀመሪያ የመዋኛው ቅጥርና ሊሠራ የታሰበው ርብራብ በኮምፒዩተር ይቀረጻል። አናጢው፤ ካህኑ፤ የዕድሩ ሽማግሌ፤ ልጅ ያዘለች እናትና በክራንች የሚሄድ ወገናችን በየተራ መነጽሩን አጥልቀው በሕዝቡ መካከል ቆመው ይዩት። መውጫው የት ነው? ሰው ቢገፋፋ ወዴት ይሸሻል? ፕላን ማንበብ የማይችል ሰው ይህን አይቶ ሊቃወም ይችላል፤ ተቃውሞውም እንጨቱ ሳይቈረጥ ይደርሳል።

ቀጥሎም በወለሉና በተሸካሚዎቹ መካከል አየር የተሞሉ የጎማ ትራሶች ይደረጉ። ሸክሙ በአንድ ወገን ሲበዛ በዚያ ያለው የአየር ግፊት ከፍ ይላል፤ ያው ቦታ በሥዕሉ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ደወልም ይደወላል። ቅርሱ እንዳይነካ፤ ቅጥሩም እንዳይበሳ፤ እንዲህ ያለው ተነቃይ መሣሪያ ለቦታው ይስማማል። በእርግጥ ትራሱ ሕዝብ አይሸከምም፤ ሸክሙን የሚችለው ጤናማ ግንድና ሙያውን የሚያውቅ አናጢ ነው።

«ይህ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገር ግን መዋኛው በዓመት አንድ ጊዜ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ ርብራቡም ለጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ በአንድ መነጽርና በጥቂት ትራሶች በአንድ ማዕዘን ብቻ መጀመር ይቻላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ከማዘጋጃ ቤቱ፤ ከቤተ ክህነትና ከአናጢዎች ጋር ቢመክሩበት ለትምህርታቸውም ይበጃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሥልጣን ነው። ደወሉ ሲደወል ማን ይሰማል? «በቃ፤ ከእንግዲህ አንድ ሰው አይወጣም» ብሎ የሚያዝ ሰው አስቀድሞ በስሙ ካልተመደበና እንግዳው ትልቅ ሰው ቢሆንም ለመከልከል ካልተፈቀደለት፤ መሣሪያው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። እንደ እኔ ሳያዩ መፈረምም በዚያው ይቀጥላል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፤ የሚመለከታችሁ ሁሉ ጥር ሳይደርስ አስቡበት።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአራዳ፤ ጎንደር